ስለ ሕፃናት የክረምት ሒሳብና ስለ ታብሌት

ሰው በሕፃንነቱ ያገኘው ትምህርት እስከ ሽምግልናው ድረስ ስንቅ እንደሚሆነው የታወቀ ነው። ነገር ግን ትምህርት ሁሉ በልብ ውስጥ በአንድ ዓይነት አኳኋን አይቀመጥም። ተረትና ታሪክ በመልካም አንደበት አንድ ጊዜ ከተነገረ ለብዙ ዘመን ሳይረሳ ይኖራል፤ ሒሳብ ግን ዕለት ዕለት ካልተሠራበት ክረምቱን በጣራ ሥር ተሰክቶ እንደ ከረመ ማጭድ ይዝጋል። ስለዚህ ሕፃን የተማረውን ሒሳብ እንዳይረሳ መጠበቅ አዲስ ነገር ከማስተማር የማያንስ ሥራ መሆኑን የትምህርት ሹማምንትም ወላጆችም ሊያስተውሉት የተገባ ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ተዘግተው በመስከረም ይከፈታሉ። ሐምሌና ነሐሴ ከጳጉሜን ጋራ ሲደመሩ፣ ጥቂት ቀን ከፍና ዝቅ ቢልም፣ ዕረፍቱ 65 ቀን ያህል ይሆናል። ዕረፍቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የገበሬ ልጅ በእርሻና በአረም አባቱን ይረዳል፤ ከብት ይጠብቃል፤ ሴት ልጅም ከእናቷ ጋራ ቤት ታቀናለች። የከተማ ልጅም ከዘመዶቹ ጋራ ይጫወታል። ጉዳቱ የሚመጣው በእነዚህ ቀኖች ውስጥ አንድም ጊዜ እንኳ ቁጥር ሳይደመርና ሳይቀነስ ሲቀር ነው። በመስከረም መምህሩ አዲሱን መጽሐፍ ሲከፍት ያለፈው ዓመት ትምህርት ከብዙዎቹ ልብ ጠፍቶ ያገኘዋል፤ ከዚህም የተነሣ የዓመቱን የመጀመሪያ ሳምንታት በክለሳ ለማሳለፍ ይገደዳል፤ ወይም ክለሳውን ትቶ ወደ ፊት ይሄድና ደካሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሃሪስ ኩፐር የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓመት 39 ጥናቶችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕፃናት በበጋ ዕረፍታቸው በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚጎድልባቸው፣ ጉድለቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ እንደሚበረታ ገልጠዋል። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሌሎች ሊቃውንት በጉድለቱ መጠን ይከራከራሉ። ነገር ግን ልጅ በቤቱ መጽሐፍ ወይም ደብዳቤ ሲያነብ ንባቡን ሳያውቀው እንደሚለማመድ፣ በብዕር የሚሠራውን ሒሳብ ግን የሚያዘው ሰው ከሌለ እንደማይነካው ማንም ወላጅ በቤቱ ሊያየው የሚችል ነገር ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ መስጠት ይበቃል። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ከ402 ላይ 178 ቀንስ ቢባል መልሱ 224 ነው። የመበደርን ሥርዓት የረሳ ልጅ ግን በየረድፉ ከትልቁ ላይ ትንሹን እያነሣ 376 ብሎ ይጽፋል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ መቀነስንም ያውቃል። ያመለጠው ነገር ቢኖር በ402 መካከል የቆመው ዜሮ ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። በግዕዝ ቁጥር ይኸው ልክ ፬፻፪ ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ አጻጻፍ ዜሮ የለም፤ መቶውም ራሱን የቻለ ምልክት ስላለው የቦታ ዋጋ የሚባለው ነገር አያስፈልግም። በዛሬው የትምህርት ቤት ቁጥር ግን ነገሩ ሁሉ በቦታ ላይ የቆመ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ይህን ነገር አጥብቆ ያልያዘ ልጅ በአራተኛው ክፍል ማካፈልን፣ በአምስተኛው ክፍልፋይን፣ ከዚያም በላይ አልጀብራን የሚሠራበት መሠረት አያገኝም።

መሠረት የሌለው ግንብ ፍጻሜውም የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 27 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶው 3.2 ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ አለ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በክረምት ዕረፍት ማመካኘት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም በአሥራ ሁለተኛው ክፍል የታየው ስንጥቅ በአሥራ ሁለተኛው ክፍል የተጀመረ እንዳልሆነ አዋቂ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ግንበኛ የግድግዳውን መሰንጠቅ ሲያይ መጀመሪያ ወርዶ የሚመረምረው መሠረቱን ነው።

በዚህ ዘመን ለዚህ ችግር መድኃኒት ይሆናሉ ተብለው ከሚቀርቡት ነገሮች አንዱ ታብሌት የሚባለው መሣሪያ ነው። የቃሉ ትርጉም በፈረንጆቹ ቋንቋ ትንሽ ሰሌዳ ማለት ስለሆነ፣ ነገሩ ለሊቃውንት ቤት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ይህኛው ሰሌዳ የሚናገርና የሚመልስ መሆኑ ነው። መልካም ፕሮግራም የተጫነበት ታብሌት ለሕፃኑ በገዛ ቋንቋው ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ሲሳሳት ወዲያውኑ ያሳየዋል፤ መቶ ጊዜ ቢደግምለት አይሰለችም፤ አንዱን ሳያውቅ ወደ ሌላው አያሳልፈውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጆች የያዘ መምህር ለእያንዳንዱ በየደረጃው ጥያቄ ሊሰጥ አይችልም፤ ይህ መሣሪያ ግን ፈጣኑን በፍጥነቱ፣ ዘገምተኛውንም በዝግታው ሊመራው ይችላል።

ይህም ባዶ ተስፋ እንዳልሆነ በአፍሪካ የተፈተነ ነው። በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በቺቼዋ ቋንቋ የተዘጋጀ የሒሳብ ፕሮግራም ለስምንት ሳምንት ያህል በታብሌት ተማሩ። የኖቲንግሃም ዩኒቨርስቲ መምህርት ኒኮላ ፒችፎርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት እነዚህ ልጆች እንደ ወትሮው ከተማሩት ጓደኞቻቸው ይልቅ በሒሳብ መሻሻላቸውን አስረድተዋል። በታንዛኒያም እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በታንጋ አውራጃ በ170 ያህል መንደሮች ለሚኖሩ 2,700 ለሚጠጉ ሕፃናት በስዋሂሊ ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት በታብሌት ተሰጣቸው። ከእነርሱ አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሲሆኑ፣ ከ15 ወር በኋላ ንባብንም ቁጥርንም የለዩ ብዙዎች ተገኙ። በጎረቤት አገር በሱዳንም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ልጆች በዓረብኛ የተዘጋጀ የሒሳብ ጨዋታ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ መሣሪያ ሲሰጥ፣ ልጆቹ ከማያውቁት ወደሚያውቁት መሻገራቸው ታይቷል።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሹም “ነገ ይገዛ፤ ለየትምህርት ቤቱም ይታደል” ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከመግዛት በፊት የሌላውን ወገን ምስክርነት መስማት ያስፈልጋል።

የፔሩ መንግሥት ለገጠር ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አደለ። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጡ፣ ኮምፒዩተሩ በደረሳቸውና ባልደረሳቸው ልጆች መካከል በሒሳብም በቋንቋም ፈተና የታየ ልዩነት አለመኖሩን ገለጡ። ዕቃው ደርሶ ነበር፤ ልጆቹም ነክተውታል፤ ነገር ግን በየቀኑ ምን እንደሚሠራበት የሚያዝና የሠራውንም የሚጠይቅ ሥርዓት አብሮ አልተላከም ነበር።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ትምህርት የሰጠ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ተጀምሮ ነበር። ዓላማው ያማረ፣ ወጪውም ከፍ ያለ ነበር። ይሁን እንጂ በመስኮቱ የሚታየው መምህር በእንግሊዝኛ እየተናገረ በፍጥነት ያልፋል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል የሚሰማው የለም፤ በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህርም ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው እስኪመስል ድረስ ከሥራው የተገለለባቸው ቦታዎች ብዙዎች ነበሩ። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ የታየው ጉድለት የመሣሪያው ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያው የሰውን ቦታ እንዲወስድ መደረጉ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ሕፃናት ያለ መምህር በመሣሪያ ብቻ ሊማሩ ይችላሉ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ምሳሌ በኢትዮጵያ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመሩት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች በእያንዳንዳቸው ለ20 ያህል ሕፃናት ታብሌት ሰጠ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ፊደል ያልቆጠሩ ሲሆኑ ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ መሣሪያውን አበሩ፤ በጥቂት ሳምንትም የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ ተገኙ። ከዚህም አልፈው ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም ጀመሩ። ይህ የኢትዮጵያ ሕፃናት አእምሮ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ የሚያስመሰክር ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ ፊደልን በዜማ ማጥናትና ከ402 ላይ 178 መቀነስ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ በእነዚያ መንደሮች እንኳ የፀሐይ መሙያውን አያያዝ የተማሩ አዋቂዎች ነበሩ፤ ከድርጅቱም በየሳምንቱ እየሄደ መዝገቡን የሚሰበስብ ሰው ነበረ። በታንዛኒያም በየመንደሩ መሣሪያውንና መሙያውን የሚጠብቅ ሰው ተመድቦ ነበር። በሱዳንም ልጆቹን የሚሰበስቡና የሚያበረታቱ ረዳቶች ከዚያው ከሰፈሩ ተመርጠው ሠርተዋል። “ያለ ሰው” የተባለው ሁሉ ሲመረመር ከበስተኋላው ሰው ይገኛል።

ከሁሉም ይልቅ ይህን ነገር ገልጦ የሚያሳየው የቦትስዋና ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ለ4,500 ያህል ቤተሰቦች በስልክ የሒሳብ ትምህርት እንዲደርስ አደረጉ። ለአንዱ ወገን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከለት። ለሌላው ወገን ግን ከመልእክቱ በተጨማሪ መምህር በየሳምንቱ እየደወለ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከልጁና ከወላጁ ጋራ ይነጋገር ነበር። መልእክቱ ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም፤ የመምህር ድምፅ የሰሙት ግን በሒሳብ በግልጥ ተሻሻሉ። ከዚያም በኋላ ይኸው ሥራ በህንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፊሊፒንስና በዩጋንዳ ተፈትኖ ጥቅሙ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያም ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ለሰባት ወር ያህል ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠቱ ይታወሳል፤ ራዲዮ ግን ልጁን ጠርቶ “የሠራኸውን አሳየኝ” ሊለው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ታብሌት ለክረምት ሒሳብ መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ለየቦታው የክረምት መሪ ሳይመደብ፣ ለድካሙም የሚከፈለው ሳይታሰብ፣ አንድም ታብሌት ሊገዛ አይገባም። መሪው ከመሣሪያው መቅደም አለበት፤ በጀቱም ላይ እንዲሁ።

መሪ የሚሆነው ማነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ታላቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። ልጆቹን በሰዓቱ የሚሰበስብ፣ መሣሪያውን የሚያድልና የሚረከብ፣ ሲሳሳቱም “ይህን እንዴት አገኘኸው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይበቃል። በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች ሕፃናትን ለማስተማር ይሰማራሉ፤ ከዩኒቨርስቲ ለዕረፍት የሚመለሱ ተማሪዎችም በየቤታቸው አሉ። በገጠር ደግሞ ዲያቆኑ፣ የቁርአን መምህሩ፣ ወይም ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው ጎበዝ ልጅ ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጥቂት ቀን የሚፈጅ ሥልጠናና መጠነኛ አበል ቢሰጣቸው፣ ሥራው በባለቤት እጅ ይሆናል። ባለቤት የሌለው ዕቃ ግን ወይ ይሰበራል፤ ወይ ይሰረቃል፤ ወይም እንዳይሰበርና እንዳይሰረቅ ተብሎ በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። የዚህ የሦስተኛው ጥፋት እንደ ጥፋት አይቆጠርም፤ በመዝገብ ላይ ዕቃው በሙሉ አለና። ሕፃኑ ግን ከእርሱ ያገኘው ነገር የለም።

በካህናትና በወላጆች ዘንድ ስለ ታብሌት የሚሰማው ሥጋት ሊናቅ አይገባም። መሣሪያው ለሕፃን የማይገባ ሥዕልና ዋዛ ጨዋታ ይዞ እንዳይገባ ይፈራሉ። በማላዊና በታንዛኒያ የተሠራባቸው ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ከሒሳቡና ከንባቡ በቀር ሌላ እንዳይገባበት አድርጎ መስጠት ይቻላል። ይሁን እንጂ በወንጪና በወለንጪቲ የተዘጋውን የከፈቱ ሕፃናት መኖራቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ቁልፍ ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆን ይረዳል። ለዚህም መድኃኒቱ አዋቂ ሰው ባለበት፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ መጠቀም ነው። ስለዚህ መሪ የሚያስፈልገው ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለምግባሩም ጭምር ነው።

በሊቃውንት ቤት የነበረው ሥርዓት ለዚህ ሥራ መልካም ምስክር ይሆናል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ አውጣ ቢባል፣ 5500 ዓመትን ከ2018 ጋራ ደምሮ 7518 ያገኛል፤ ይህን ለ19 ሲገድፈው 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንዱ ሲነሣ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አብዝቶ ለ30 ሲገድፈው አበቅቴው 12፣ በ19 አብዝቶ ለ30 ሲገድፈው መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሕተት መኖሩን ተማሪው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ታብሌት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ይህን ይመስላል፤ መሳሳቱን ወዲያው ያሳውቀዋል። ነገር ግን የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሠላሳ ባልሞላለት ጊዜ የት ላይ እንደ ሳተ የሚያሳየው መምህሩ ነበር፤ እስኪለምደውም ድረስ እየደጋገመ ያስቆጥረው ነበር። ስሕተቱን የሚያስታውቅ ነገር አንድ ነው፤ የስሕተቱን ምክንያት የሚያስረዳ ሌላ ነው። 376 ብሎ የጻፈው ልጅ ከመሣሪያው የሚያገኘው “ተሳስተሃል” የሚል ምልክት ነው፤ ዜሮውን በጠጠር ቆጥሮ የሚያስረዳው ግን ሰው ነው።

ሥራው በገጠር እንዲሳካ የክረምቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን የፀሐይ ኃይል መሙያ እንደ በጋው አይሠራም፤ በበጋ የሚበቃው መሙያ በክረምት ላይበቃ ይችላልና ይህ ከግዢው በፊት ሊታሰብ የተገባ ነው። ወንዝ ሲሞላ ሕፃን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ሊሻገር አይችልም፤ ስለዚህ ቦታው ለመንደሩ የቀረበ፣ ዝናብም የማያስገባ ሊሆን ይገባል፤ የቀበሌ አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ቤት ቢሆን መልካም ነው። በፍልሰታ ጾም ብዙ ሕፃናት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚሰበሰቡ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለሒሳብ እንዲያውሉ አባቶች ቢፈቅዱ ልጆቹን ለመሰብሰብ የሚወጣው ድካም ይቀላል። ሰዓቱም የእርሻውን ሥራ የማያሰናክል ይሁን። አባት ልጁን ከአረም ላይ ነጥቀው የሚወስዱበት ከመሰለው አይልክም፤ ሴት ልጅም የምትቀድመው በውኃና በእንጨት ሥራ ስለሆነ፣ እርሷ የምትችልበትን ሰዓት እናቷን ጠይቆ መወሰን ያስፈልጋል።

ቋንቋውም ሊታሰብ ይገባዋል። ፕሮግራሙ ልጁ በትምህርት ቤት ሒሳብን በሚማርበት ቋንቋ መሆን አለበት። በኦሮምኛ የሚማር ልጅ በአማርኛ፣ በአማርኛ የሚማርም በእንግሊዝኛ ቢሰጠው፣ የፕላዝማው ስሕተት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ወጪውን በሚመለከት አንድ ቀላል ሒሳብ ማቅረብ ይቻላል። እያንዳንዱ ልጅ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ቢማር 40 ቀን ወይም 20 ሰዓት ይሆናል፤ ስምንት ሳምንትም ከ65ቱ ቀን ውስጥ ይገባል። ለአንድ መንደር አሥር ታብሌት ቢሰጥና መቀባበያው ጊዜ ሳይቆጠር በጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሠራበት፣ አሥር አሥር ሆነው የሚገቡ ስድስት ተራዎች፣ ማለትም 60 ልጆች ይማሩበታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ታብሌት መግዛት አያስፈልግም። ከስድስት አንዱ ይበቃል። በዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ለመሪው 120 ሰዓት ድካም፣ ለመሙያውና ለጥገናው ይዋል። ተራቸውን የሚጠብቁትም ልጆች ያለ ሥራ እንዳይቀመጡ በጠጠርና በጠመኔ ይለማመዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና፣ የግማሽ ሰዓት ማነስ ማንንም አያሳስብ፤ የሚያሳስበው መቋረጡ ነው።

“መጽሐፍና ወንበር ላልተሟላለት ትምህርት ቤት ታብሌት ምኑ ነው?” ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ልጆች የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚካፈሉበት ቦታ አስቀድሞ መጽሐፉ ሊሟላ ይገባል። ደግሞም መሪ ተገኝቶ ታብሌት ቢታጣ፣ መሪው በጥቁር ሰሌዳና በጠጠር ክረምቱን በሙሉ ሊያስተምር ይችላል፤ ታብሌት ተገኝቶ መሪ ቢታጣ ግን የሚሆነው በፔሩ የታየው ነው። ከሁለቱ የትኛው መቅደም እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ሁለቱም በአንድነት በሚገኙበት ቦታ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ታብሌቱን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ መናቅም ሌላ ስሕተት ነው።

በመጨረሻም የሥራው ፍሬ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በብዙ ቦታ ሪፖርት የሚጻፈው ስንት ዕቃ እንደ ታደለ ነው፤ የርክክቡም ቀን ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ እንግዶች ምሳ በልተው ይለያያሉ። ስንት ታብሌት እንደ ታደለ ማወቅ ለንብረት ክፍል ይጠቅማል፤ ለትምህርት ግን የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ ሃያ ጥያቄ ያለው አጭር የሒሳብ ፈተና ለሁሉም ልጆች ይሰጥ፤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ይኸው ዓይነት ፈተና ይደገም። በክረምቱ የተማሩትና ያልተማሩት ልጆች ውጤት ጎን ለጎን ይጻፍ። የተማሩት ካልቀነሱ፣ ያልተማሩት ግን ከቀነሱ፣ ሥራው ይስፋ። ልዩነት ከሌለም የወረዳው ሹም ሳያፍር ይጻፈው፤ በዚያው መንገድ ሌላ ገንዘብ እንዳይጠፋ ያደርጋልና።

እንግዲህ የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት የየክልሉ ትምህርት ቢሮ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ግልጥ ነው። በመጋቢት ጥቂት ወረዳዎችን መርጦ በየቀበሌው መሪ የሚሆኑትን ሰዎች ስም መጻፍ፣ አበላቸውን በበጀት ማስገባት፣ በግንቦት ማሠልጠን፣ በሰኔ መፈተን ነው። የታብሌት ጨረታ የሚወጣው ይህ ዝርዝር ተሞልቶ ከቀረበ በኋላ ይሁን። የመሪ ስም ያልተጻፈበት ቀበሌ ዕቃው ለዚያ ዓመት ይቅርበት፤ ለሚመጣው ዓመት ሰው አዘጋጅቶ ይጠይቅ። ካህናትና የመንደር ሽማግሎች ደግሞ ከአሁኑ በየአካባቢያቸው ለዚህ ሥራ የሚታመነውን ወጣት ወይም ወጣት ሴት መርጠው ለወረዳው ቢያቀርቡ፣ ለሕፃናቱ የሚያደርጉት በጎ ነገር ከማንኛውም የዕቃ ስጦታ የሚበልጥ ይሆናል።